«ኖ ዲስክ»፦ የአንዲት የአዳማ ሱቅና የአሥራ አንድ ሲዲዎች ጉዳይ

ማዘር ወደ ሱቁ የገቡት በዳቦ ፌስታል አሥራ አንድ ሲዲ ይዘው ነው። ሽፋን ያላቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት በጋዜጣ ተጠቅልለዋል። ባለዴኩ ፌስታሉን ገና ሳይከፍት «ሰርግ ነው አይደል ማዘር?» አላቸው።

«ሰርግም አለበት። እኔ የምፈልገው ግን ምርቃቱን ነው።»

ሲዲዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረና በማርከር «ምርቃት» የተጻፈበትን አነሳ። ማዘር ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱ የልጁ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ። እኔ የምልህ አባታቸው ልጄን ሲመርቋት ነው። የሰርጉ ቀን።»

እኔ እዚያ የተገኘሁት የስልኬን መስታወት ላስቀይር ነበር። መስታወቱ አልቆም እስኪመሽ ቆየሁ። በማግስቱም ሰበብ ፈልጌ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ያየሁትንና ባለቤቱ ያጫወተኝን ነው የምጽፈው። የማንንም ስም አልጠራም። ሱቁ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ «ባለዴኩ» ይለዋል። ዴክ፣ ማለትም የሲዲና የዲቪዲ ማጫወቻ፣ መሸጥ ካቆመ ስንት ዓመቱ፣ ስሙ ግን አልለቀቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ያገባችው በ2001 ዓ.ም. ነው። አሁን ውጭ አገር ትኖራለች። አባቷ አምና አርፈዋል፤ ሙት ዓመታቸው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ለቅሶውን መድረስ አልቻለችም ነበር። «የአባዬን ምርቃት ፈልጋችሁ ላኩልኝ» ብላ ደወለች። ማዘር ቴሌቪዥኑ ስር የኖረውን ዴክ አቧራውን ጠርገው ሰኩት። መብራቱ በራ። ሲዲውን አስገቡ። ትንሽ አጉረመረመና ግንባሩ ላይ ባለችው መስኮት «ኖ ዲስክ» ብሎ ጻፈ። አወጡት፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አስገቡት። ኖ ዲስክ።

ቀጥሎ ሌላ ሱቅ ወሰዱት። እዚያ ያለ ልጅ ወደ ፍላሽ ገለበጠላቸው። ቤት ገብተው ሲከፍቱት ሰርጉ ይጀምራል። ሙሽራዋ ትኳኳላለች፣ ዘመድ ይገባል፣ ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ደጅ ይደርሳል፣ ሴቶቹ በር ዘግተው ይዘፍናሉ። እዚያ ላይ ያልቃል።

«ሙሽራው እስካሁን ደጅ ነው የቆመው» አሉ ማዘር። እሳቸው ሳቁ፣ እኛም ሳቅን።

ሙሽራው ለምን ደጅ ቀረ?

ባለዴኩ ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካና ወዲያው ገባው። ሲዲ እንበለው እንጂ የሰርጉ ዲቪዲ ነው፤ ዲቪዲ ላይ ያለ ቪዲዮ ደግሞ አንድ ወጥ ፋይል አይደለም። ሲዲውን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ አንድ ፎልደር ታገኛላችሁ፤ ውስጡ ቪዲዮው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ተቀምጧል። የዲቪዲው አሠራር ራሱ እንደዚያ ነው። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ሲዲውን የሞላ የሁለት ሰዓት ሰርግ ስለዚህ አምስት ቁራጭ ይሆናል፤ አንዱ ሙሉ ቁራጭ ወደ 27 ደቂቃ ነው፣ የመጨረሻው ያጥራል። ዴክ ቁርጥራጮቹን አከታትሎ ስለሚያጫውታቸው ተመልካቹ መቆረጡን አያውቅም። ያኛው ሱቅ ያለው ልጅ የመጀመሪያውን ቁራጭ ከፈተ፣ ሙሽራ አየ፣ ገለበጠ፣ ገንዘቡን ተቀበለ።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ዕድሜው ሃያ ቢሆን ነው። ነፍስ ሲያውቅ ፊልም ማለት አንድ ፋይል ነበር። እቤት ሲዲ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ ስታስገለብጡ ፎልደሩን ሙሉ ነው እንጂ ቁራጩን አትቀበሉ። እዚያው ሱቁ ውስጥ መጨረሻውን አስከፍታችሁ እዩት።

ሱቁን ልንገራችሁ። የተከፈተው በ1997 ዓ.ም. ፊልም ማከራያ ሆኖ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የፊልም ሽፋን ነበር። ደንበኛ ሽፋኑን በጣቱ ያሳያል፣ ቁጥሩ ደብተር ላይ ይሰፍራል፣ የቀበሌ መታወቂያ ያስይዛል፣ ሁለት ብር ይከፍላል፣ ነገ በዚህ ሰዓት ይመልሳል። ካደረ ሌላ ሁለት ብር። ባለዴኩ ዛሬም አንድ መሳቢያ ሙሉ መታወቂያ አለው፤ ባለቤቶቹ ተመልሰው ያልመጡበት። «ሲዲዬን ከመመለስ ሌላ መታወቂያ ማውጣት ቀሏቸው» ይላል። አንዳንዱ መታወቂያ ላይ ያለው ልጅ አሁን ልጅ ያሳደገ ሰው ነው።

ያኔ የሚከራየው በአብዛኛው ቪሲዲ ነበር። ቪሲዲ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ በተራ የሙዚቃ ሲዲ ላይ ቪዲዮ የሚያሳድር ዘዴ ነው። የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ነው። አንድ ፊልም ለዚህ ነው ሁለት ሲዲ የነበረው። ልጅ ሆናችሁ ያያችሁት ታስታውሳላችሁ፤ ታሪኩ ጫፍ ሲደርስ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ቤቱ ሁሉ ወደ ትንሹ ልጅ ይዞራል፣ «ተነስ፣ ሁለተኛውን አስገባ» ይባላል። እኛ ቤት ትንሹ እኔ ነበርኩ። ዴክ ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠረጠረውም እኔው።

ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቢቀርብም እኛ ሰፈር ቤት ለቤት የገባው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ያኔ ስምንት ፊልም በአንድ ሲዲ የታጨቀበት መጣ። ምስሉ ተጨፍልቆ ፊት ከፊት አይለይም፣ ግን ስምንት ነው። ማን ያማርራል? ባለዴኩ አይደብቅም፤ ከሱቁ ግማሹ የተቀዳ ነበር። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ወጥቷል። «አዋጁን አውቀው ነበር፤ አዋጁ ግን እኔን አያውቀኝም» አለኝ። የአማርኛ ፊልም ሠሪዎች ሲኒማ ቤት አሳይተው ሲጨርሱ በቪሲዲ ያወጡ ነበር። ኦሪጅናሉ ሱቅ ሳይገባ የተቀዳው አደባባይ ላይ ይሸጣል። ዴኩ በሞተ ጊዜ ከነሱ ያለቀሰለት ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ማን ገደለው?

ሰው ስለ ዴክ ሞት ሲያወራ ቶሎ ስትሪሚንግ ላይ፣ ማለትም ፊልምን በቀጥታ ከኢንተርኔት ማየት ላይ፣ ይለጥፈዋል። አሜሪካ ላይ እውነት ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ እኮ የባለዴኩ ባልደረባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ዲቪዲ በፖስታ ቤት እየላከ ማከራየት ጀመረ። በ2007 በኢንተርኔት ማሳየትን ጨመረበት፤ የፖስታውን ሥራ በመስከረም 2023 ጨርሶ ዘጋው። ሳምሰንግ ደግሞ በ2019 ለአሜሪካ ገበያ አዲስ የብሉሬይ ማጫወቻ ማውጣቱን ተወ። ብሉሬይ የዲቪዲ ታናሽ ወንድም ነው፤ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት ይይዛል። ባለዴኩ በሃያ ዓመት ሥራው አንድም ቀን ብሉሬይ የጠየቀው ደንበኛ የለም። ሳይደርሰን ዘመኑ አለፈ።

አዳማ ላይ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ዴኩን የገደለው በራሱ በዴኩ ግንባር ላይ ተሰክቶ መጣ። የኋለኞቹ የቻይና ዴኮች ፊት ለፊታቸው ላይ ትንሽ የፍላሽ መሰኪያ ነበራቸው። ሻጩ እንደ ምርቃት ነበር የሚቆጥራት፤ «ፍላሽም ያነባል» ይላል። አንድ ፊልም ወደ 700 ሜጋባይት ነው። 8 ጊጋባይት ፍላሽ አሥር ፊልም ይይዛል፣ አይጫጫርም፣ ኪስ ይገባል። ሰው ፍላሹን መሰካት ከለመደ በኋላ ሲዲ ማስገቢያው ተከፍቶ አያውቅም። ዴኩ ቤት ውስጥ አለ፤ ሲዲ ማጫወቱ ግን ቀርቷል።

ባለዴኩም ነቃ። የፊልም ሽፋኖቹን ከግድግዳው አወረደና አንድ ኮምፒውተር አስቀመጠ። በር ላይ «ፊልምና ሙዚቃ ይጫናል» ብሎ ጻፈ። ለጥቂት ዓመታት ከማከራየቱ የበለጠ አተረፈ፤ የሚመለስ ሲዲ የለ፣ የሚያዝ መታወቂያ የለ። ከዚያ የሳተላይት ሪሲቨሮች የፍላሽ መሰኪያ ይዘው መጡ። አንድ ቤት ሪሲቨር ካለው ዴክ ለምን ይሰካል? በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን በነፃ ማሳየት ጀመረ። ማታ ማታ ፊልም ያስጭኑ የነበሩ እናቶች ቀሩ። ባለዴኩ ይህን ሲያወራ ዛሬም ቅር ይለዋል።

ስትሪሚንግ የሚባለው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን ኔትፍሊክስ አይደለም። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2016 በሩን ለኛም ቢከፍት ክፍያው ከውጭ ምንዛሪ ካርድ ጋር ያገናኛል፤ እኔ ሰፈር ካርዱ ያለው ሰው አላውቅም። እዚህ ስትሪሚንግ ማለት ዩቲዩብ ነው፤ የአማርኛ ፊልሙም ድራማውም እዚያ ይወጣል። ቴሌግራም ደግሞ አለ፤ እሱ የድሮው የተቀዳ ሲዲ ገበያ ልብስ ቀይሮ ማለት ነው። በሞባይል ፓኬጅ ፊልም ማየት አያዋጣም፤ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 3 ጊጋባይት ድረስ ይበላል። ሁለት ሰዓት ፊልም ታዲያ ከአንድ ተራ ዲቪዲ የበለጠ ዳታ ነው። ዋይፋይ ቤት ለቤት ሲገባ ግን ይሄም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ባለዴኩ ጋ ፊልም ሊያስጭን የሚመጣው የገጠር መንገደኛና የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ረዳት ብቻ ነው።

«ፍላሹ ዴኩን በላ፣ ዋይፋዩ ፍላሹን በላ፤ እኔን ደግሞ ሁለቱም በየተራ» ይላል። ሱቁ አሁን የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀር፣ ኤርፎን፣ የስክሪን መስታወት ነው። ጓዳው ውስጥ ሦስት ዴክ ተደራርቧል። ለምን እንዳልጣላቸው ስጠይቀው «ለእንደዚህ ላለው» ብሎ በአገጩ ወደ ማዘር ፌስታል ጠቆመኝ።

እኔ ከዚህ ጉዳይ የገባኝ ይሄ ነው። ፊልሙ ቤት አግኝቷል። የማዘር ፌስታል ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊልም ነበር፣ ሁለት ቪሲዲ። ባለዴኩ «እሱን ተዪው ማዘር፣ ዩቲዩብ ላይ አለ» ብሎ ወደ ጎን አደረገው። ዩቲዩብ ላይ የሌለው የሳቸው ሰርግ ነው። በዓለም ላይ ያለው ቅጂ ያ የዳቦ ፌስታል ውስጥ ያለው ብቻ ነው። እሱን የሚያነበው መሣሪያ ደግሞ በየቤቱ እየተጣለ ነው።

ኮምፒውተሩ የመጀመሪያው ማታ ስድስቱን ሲዲ ያለ ችግር ገለበጠ። ሁለተኛው የሰርግ ሲዲ፣ መልሱ፣ የልጁ ምርቃት፣ መዝሙሩ፣ የፎቶው ሲዲና ከሁለቱ የክርስትና ቪሲዲዎች አንዱ። አንዱ ደግሞ ከዴኩ ጋር ከካርቶኑ የወጣ የመሞከሪያ ሲዲ ሆኖ ተገኘ፤ ማዘር ለስንት ዓመት እንደ ቤተሰብ ቅርስ አስቀምጠውታል። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው የሰርጉ የመጀመሪያ ሲዲ፤ ምርቃቱ ያለበት።

ይሄኛው ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት ክብ ወረቀት ተለጥፎበታል። ያኔ ፋሽን ነበር። በአዳማ ሙቀት ሙጫው ለቆ ወረቀቱ በአንድ ወገን አብጧል። ኮምፒውተር ሲዲን በከፍተኛ ፍጥነት ነው የሚያሽከረክረው፤ አንድ ወገኑ የከበደ ሲዲ ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል። በዚያ ላይ የሰርግ ዲቪዲ ከፋብሪካ ታትሞ የወጣ አይደለም። ቪዲዮ ቀራጩ በሌዘር የጻፈበት ቀለም ነው፤ ቀለሙ በሙቀትና በብርሃን እየደከመ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቁራጭ ተገለበጠ። ሁለተኛው መሀል ላይ ተቸነከረ። ኮምፒውተሩ አንድ የማይነበብ ቦታ ሲያገኝ እየተመላለሰ ይሞክርና በመጨረሻ «አልቻልኩም» ብሎ ፋይሉን ሙሉ ይጥለዋል። ባለዴኩ ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሙሽራው ደጅ እንደቆመ መሸ።

ዴክ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ያሽከረክራል፤ ያልተነበበውን ዘሎ ያልፋል። ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ድምፁ ይቆረጣል፣ ግን ይቀጥላል። ባለዴኩ «ዴኩን ላኩልኝ» አለ።

በማግስቱ ዴኩ በአሮጌ ፎጣ ተጠቅልሎ በባጃጅ መጣ። ባለዴኩ ብሎኖቹን ፈቶ ክዳኑን አነሳ። ውስጡ የአዳማ በጋ ነበር። ይህች ከተማ ዳር ዳሯን የነፋስ ተርባይን የተተከለባት ያለ ነገር አይደለም፤ ሁለቱ ጣቢያዎች ተደምረው 204 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ነው የተሠሩት። ያው ነፋስ አቧራውን በየመስኮቱ ይዞ ይገባል፣ ቴሌቪዥኑ ስር ያርፋል፣ በዴኩ ቀዳዳ ይዘልቃል፣ መጨረሻ የምስር ፍሬ የምታክለው ሌንስ ላይ ይተኛል።

መጀመሪያ ሲዲ ማስገቢያውን አየ። ግማሽ ወጥቶ ይቆማል። የሚስበው ቀጭን ላስቲክ ሰፍቷል። ነቅሎ የፈላ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆየው፤ ጠበብ ብሎ ወጣ። ይሄ ለጥቂት ወር የሚሆን ዘዴ ነው፤ እሱም ያውቀዋል። ካፓሲተሮቹን፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ቆርቆሮዎች፣ በጣቱ ዳበሰ፤ አላበጡም። ከዚያ በጥጥ ጫፍ ላይ ትንሽ አልኮል ነክሮ ሌንሱን በቀስታ ጠረገ። ሽቶ የሚጠቀሙ አሉ፣ እንዳትሞክሩት፤ ደርቆ ይቀርበታል።

የመዝሙሩን ቪሲዲ አስገባ። ዘመረ! ማዘር እልል ሊሉ ነበር። የሰርጉን አስገባ። ኖ ዲስክ።

«ሲዲ ያነባል፣ ዲቪዲ አያነብም» አለ ባለዴኩ፣ እንደ ሐኪም።

ይህን ቃል ዴክ የነበረው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሲዲና ቪሲዲ የሚነበቡት የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር በሆነ፣ ዓይን በደንብ በማያየው ብርሃን ነው። ዲቪዲ ምልክቶቹ ይበልጥ ደቃቅ ስለሆኑ 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን ይፈልጋል። በብዙ ዴኮች ውስጥ ሁለቱ ብርሃኖች በአንድ ሌንስ ያልፋሉ እንጂ ምንጫቸው ለየብቻ ነው። ቀዩ ሲደክም ዲቪዲው ይቀራል፤ ሌላው ጤነኛ ነው። አንዳንድ ጠጋኝ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያደርጋል። ሌንሱ ጎን ያለችውን ትንሽ መቆጣጠሪያ ጠመዝዞ ለሌዘሩ ኃይል ይጨምርለታል። ዴኩ ወዲያው ያነባል፣ ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል፣ ሌዘሩ ከወር በኋላ ጨርሶ ይቃጠላል። ባለዴኩ በልጅነቱ ብዙ ሰው ላይ እንዲህ እንዳደረገ ራሱ ነገረኝ። ለማዘር አላደረገውም። ጓዳ ገብቶ ከሦስቱ አንዱን ዴክ አወጣ። የቻይና ዴኮች ስማቸው ይለያይ እንጂ ሌንሳቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ፈታ፣ ቀየረ፣ ገጠመ። ግንባሩ ላይ ደቂቃ መቁጠር ጀመረ።

አሁን ምስሉን ከዴኩ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ቀረ። ለዚህ በአንድ ወገን ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ የሚቀበል፣ በሌላ ወገን ዩኤስቢ የሆነ ትንሽ ዕቃ አለ። አንድ ችግር አለው። አይገለብጥም፤ ዴኩ ሲያጫውት አብሮ ይቀዳል። የሁለት ሰዓት ሰርግ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀመርን። ሙሽራው ደጅ ሊደርስ ሲል መብራት ሄደ።

ማንም ምንም አላለም። ባለዴኩ የሱቁን በር ግማሽ አወረደ። ማዘር ነጠላቸውን አጣፉና «ነገ ነዋ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት መብራቱን ሰው ሳይሻማው ተጀመረ። ማዘር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ነው። መኳኳሉን አለፍን፣ ዘመዱን አለፍን፣ ሴቶቹ በር ዘጉ፣ ዘፈኑ። ያኛው ሱቅ ያቆመበት ደቂቃ ላይ ባለዴኩ ትንፋሹን ያዘ። በሩ ተከፈተ።

«ገባ!» አሉ ማዘር።

ጥቂት ቆይቶ ሙሽሮቹ አባትየው ፊት በርከክ አሉ። ሽማግሌው ነጭ ለብሰዋል። እጃቸውን አነሱ። «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» አሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነው። «ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ…» ምስሉ ካሬ ካሬ ሆነ። ፊታቸው በሦስት ቦታ ተሰባበረ። ድምፁ ጠፋ። ሱቁ ውስጥ የዴኩ ሞተር ብቻ ይሰማል።

«ቤታችሁ ሰው አይጣ» አሉ ማዘር ከበርጩማቸው ሆነው፣ ለራሳቸው። «እንጀራችሁ ከእጃችሁ አይጥፋ። ክፉ አይንካችሁ።»

ምስሉ ተመለሰ። ሽማግሌው እጃቸውን እያወረዱ ነበር። ሙሽሮቹ «አሜን» ይላሉ።

የተቆረጠው አሥር ሴኮንድ ቢሆን ነው። ባለዴኩ ወደ ኋላ መልሶ ሁለት ጊዜ ሞከረው፤ ያው ነው። ማዘር «ተወው፣ እሱን እኔ እነግራታለሁ» አሉት።

የቀረው ፈጠን ብሎ አለቀ። ባለዴኩ ምርቃቱን ለብቻው ቆርጦ በቴሌግራም ላከላት። ማዘር ስልኩን በጥርጣሬ እያዩ «ዩቲዩብ ላይ ነው እንዴ የምትጥለው?» አሉ። «ኧረ ማዘር፣ ለልጅዎት ብቻ ነው» አለ። የቀረውን ሁሉ ወደ ኤምፒፎር ቀይሮ በሁለት ፍላሽ ጫነው፤ አንዱ ለሳቸው፣ አንዱ ለወንድ ልጃቸው። ሁለት ያደረገው ፍላሽም ሲሞት ዝም ብሎ ስለሚሞት ነው። ዴክ ቢያንስ ያጉረመርማል።

ዴኩን ይዘው ቢሄዱም ቤት ውስጥ አይሠራላቸውም። አዲሱ ቴሌቪዥናቸው ሦስቱ ባለቀለም ቀዳዳዎች የሉትም። በምትካቸው አንዲት ቀጭን ቀዳዳና ከካርቶኑ ጋር የመጣ አጭር ገመድ ነበረው። ገመዱን ማን እንደጣለው አይታወቅም።

ያልዳነው አሥራ አንደኛው የክርስትናው ቪሲዲ ነው። አንድም ጭረት የለበትም። አንጸባራቂው ገጽ እንደ አዲስ ነው። ባለዴኩ አምፖሉ ላይ ይዞ አሳየን፤ በመሀሉ ብርሃን በነጠብጣብ ያልፋል። ሰው ሁሉ ሲዲን ከስር ይጠብቃል። ዲቪዲ ላይ መረጃው በሁለት ስስ ፕላስቲክ መሀል ነው ያለው። ሲዲና ቪሲዲ ላይ ግን መረጃው ከላይ፣ ከጽሑፉ ስር ነው፤ የሚሸፍነው ስስ ቀለም ብቻ ነው። አንድ ሰው የልጁን የክርስትና ስምና ቀኑን በእስክሪብቶ አጥብቆ ጽፎበታል። እንዳይጠፋ ብሎ።

ባለዴኩ ሒሳቡን ሲናገር ማዘር ተከራከሩ፣ ቀነሰላቸው፣ ከዚያ እሳቸው መልሰው ጨመሩለት። ዴኩን እንዲሸጡለት ጠየቃቸው። «ለልጅ መጫወቻ ካልሆነ ምን ያደርግልዎታል? ሌንሱ ለሌላ ሰው ሰርግ ይሆናል።»

«አባታቸው የገዙት ነው» አሉ። ፎጣውን መልሰው ጠቀለሉበት።

ከሳምንት በኋላ ሳልፍ በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። «የተበላሸ ዴክ እንገዛለን።» አራት መጥቶለታል። አንዱ ዴክ ሳይሆን ሪሲቨር ነበር፤ ተቀብሎታል። አንዱን እኔ ፊት ከፈተው። ማስገቢያው አልወጣ አለ፤ ላስቲኩ ተበጥሶ ጥቅልል ብሎ ተኝቷል። በብሎን መፍቻ ቀስ ብሎ ሲያወጣው ሲዲ ነበረበት። ሁለተኛው ሲዲ፣ የድሮ የኪራይ ፊልም። መሀሉ ላይ የራሱ ማህተምና በራሱ እጅ የተጻፈ ቁጥር አለ።

«ለካ አልወጣም ብሏቸው ነው» አለ። አቧራውን በጣቱ ጠረገና ቁጥሩን እያነበበ የመታወቂያዎቹን መሳቢያ ሳበ።